ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ስትጨርሱ

ልጆቼ፣ ከመንዝ እስከ ጣርማበር ከሠላሳ ዓመት በላይ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ተቀምጫለሁ፤ የምጥ ጥሪው ቀርቶ የሠርግ ጥሪ በዝቶልኛል። ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለምትጋቡት ነው።

መንዝ ሳለሁ አንዲት እናት አምስተኛ ሴት ልጇን ወለደች። ባልየው በርኖሱን ደርቦ ደጅ ቆሟል። ሦስቱን እልልታ ሲሰማ ልጁን ሳያይ ሄደ። እናትየው ታዲያ እኔን «ይቅር በይኝ» አለችኝ! እኔን ምን በድላኝ?

ከወላጅ ወደ ልጅ ዘርን የሚያስተላልፈው ተሸካሚ ክሮሞዞም ይባላል። ሴት ኤክስ የሚባለው ክሮሞዞም ሁለት አላት፤ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። የእናት እንቁላል ሁልጊዜ ኤክስ ይዞ ይመጣል። ከአባት ዘር ኤክስ የያዘው ከቀደመ ሴት፣ ዋይ የያዘው ከቀደመ ወንድ ይሆናል። ይህን ኔቲ ስቲቨንስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1905 እ.ኤ.አ. ዱቄት ውስጥ በሚራባ ጥንዚዛ ላይ አሳይታለች። አባትም ቢሆን መርጦ አይልክም፤ ዕጣ ነው። ነገር ግን «ወንድ አልወለደችልኝም» ብሎ ሚስቱን የሚፈታ ሰው የፈታት በራሱ ዕጣ ነው።

አባቶቻችን «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ የአባትንም ቢጨምሩበት ጥሩ ነበር። እያንዳንዱ ወላጅ 23 ጥንድ ክሮሞዞም አለው፤ ከየጥንዱ አንዱን ብቻ ስለሚሰጥ ከአንድ ወላጅ ሊወጣ የሚችለው ስብጥር ከስምንት ሚሊዮን ይበልጣል።

ሰባት ቤት መቁጠራችንም ከንቱ አይደለም። የወንድማማች ልጆች በአማካይ ከዘረመላቸው አንድ ስምንተኛውን ይጋራሉ፤ የእነሱ ልጆች አንድ ሠላሳ ሁለተኛውን። ሁለት ጋብቻ ፈላጊዎች አንድ ዓይነት የተደበቀ ጉድለት ከተሸከሙ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ዝምድናው በራቀ ቁጥር ይህ ግጥምጥሞሽ ይቀንሳል።

ቆጠራው የማይደርስበት ግን አለ። ደብረ ሲና አቅራቢያ ያዋለድኩት ወንድ ልጅ በስምንተኛ ቀኑ ተገረዘ፤ ደሙ እስከ ማግሥቱ አልቆመም። ወደ ደብረ ብርሃን ስናወጣው ጣርማበር ዳገት ላይ በእጄ አረፈ። መኪናው ውስጥ አያቱ በሹክሹክታ «ወንድሜም በግዝረቱ ነው የሞተው» አሉ። እናቱን በእርግዝናዋ ወራት ሁሉ ስከታተላት፣ ግፊቷን ስለካና ሆዷን ስዳስስ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ስለ አጎቶቿ ጠይቄያት አላውቅም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሄሞፊሊያ ይሉታል፤ ደም የሚያረጋው ነገር ሲጎድል የሚመጣ ነው። ጉድለቱ ኤክስ ላይ ስለሚቀመጥ እናት ሳትታመም ትሸከመዋለች፤ ወንድ ልጇ የመታመም፣ ሴት ልጇም የመሸከም ዕድላቸው ለየራሳቸው ግማሽ ነው። የታመመ አባት ደግሞ ለሴት ልጆቹ ሁሉ ያወርሳል፤ ለወንዶቹ አንድም አያወርስም። ከታማሚዎች ሲሶ የሚሆኑት በቤተሰባቸው ከዚያ በፊት ያልታየባቸው ናቸው፤ ስለዚህ «በእኛ ዘር የለም» የሚል መልስ ዋስትና አይሆንም። ታሪኩ ካለ ግን ግዝረቱ የደም መርጋት ምርመራ እስኪደረግ ይቆይ። የጎደለውን የሚተካ መርፌ አለ፤ ሕመሙ በጊዜ የታወቀለት ልጅ በሕይወት ይኖራል።

ከጋብቻ በፊት ለኤችአይቪ እንደምትመረመሩት ሁሉ እናቶቻችሁን፣ በተለይ የእናታችሁን እናት ጠይቁ። በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ ስሙ በዘር ቆጠራ አይነሳምና።

በቅርቡ አንድ ሽምግልና ላይ ተቀምጬ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቤት ቆጥረው ሲጨርሱ፣ በልጅቷ እናት በኩል በግዝረት ወይም በጥርስ ነቀላ ደሙ አልቆም ያለ ወንድ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ ሽማግሌ ፊታቸውን አዞሩብኝ። አያትየዋ ግን ከማድ ቤት ብቅ ብለው «እንዴት አወቅሽ?» አሉ።

ሠርጉ አልቀረም፤ በጥር ነው። ሙሽሪት ግን ከዚያ በፊት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አላት፤ አያትየዋም አብሬያት ካልሄድኩ ብለዋል።