ሱዋን ዛው ሬን ከሆስፒታል ውጭ ካለ ሱቅ ስለ መግዛት ለጠየቁት እህት

እህቴ፣ የቻይና ባሕላዊ ሐኪም ለእንቅልፍ ማጣት ካዘዘልዎት ዕፆች መካከል ሱዋን ዛው ሬን የተባለው ዘር በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ስለ ተወደደብዎት፣ እዚያው ጓንግዡ ውስጥ በግማሽ ዋጋ ከሚሸጥ ሱቅ ቢገዙት ችግር ይኖረው እንደሆነ ጠይቀዋል። በግማሽ ዋጋ የሚሸጠው ሌላ ዘር ነው ብዬ እገምታለሁ። እኔም በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሕመም ምክንያት፣ ያንኑ ዘር ፍለጋ ብዙ ደጅ ስለ ረገጥሁ የሌላ ሰው ገንዘብ በከንቱ እንዳይቀር በዝርዝር እጽፋለሁ።

አንደኛ፣ ዘሩን በዓይንዎ መለየት ይልመዱ። እውነተኛው የሚገኘው በሰሜን ቻይና፣ እንደ ሄቤይና ሊያዎኒንግ ባሉ አውራጃዎች ከሚበቅል እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው በመከር መጨረሻ ተለቅሞ ሥጋው ይገፈፋል፤ ከዚያም ጠንካራው የውስጥ ቅርፊት ተሰብሮ ትንሿ ዘር ትወጣለች፤ ከብዙ ፍሬ ጥቂት ዘር ብቻ ስለሚገኝ ውድነቱ አያስገርምም። ዘሯ ጠፍጣፋ፣ የምታብረቀርቅ፣ ወደ ሐምራዊ ያደላ ቀይ ወይም ቡናማ መልክ ያላት ስትሆን፣ ርዝመቷ ከ5 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንደኛው ጎኗ መሐል ለመሐል ከፍ ያለ መስመር ይታያል። በእርሷ ስም የሚሸጠው ደግሞ ከዩናንና ከምያንማር የሚመጣ የሌላ ዝርያ ዘር ነው፤ መልኩ ወደ ቢጫ ያደላ ቡናማ ነው፣ ያ መስመርም አይታይበትም። ይህኛው በቆላው አገራችን ቁርቁራ ለምንለው ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ «የቁርቁራ ፍሬ ከአገር ቤት አስልከሽ ተጠቀሚበት» ብለው የመከሩዎት ወንድም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሰው እያሳሳቱ ነው።

ሁለተኛ፣ የተፈጨውን ፈጽሞ አይግዙ፤ ዱቄት ሆኖ ከቀረበ ከየትኛው ዘር እንደ ተፈጨ በዓይን የሚለይ ሰው አላየሁም። ሙሉውን ገዝተው ሊቀቅሉት ሲሉ በሙቀጫ ይሰባብሩት። የቻይና ይፋዊ የመድኃኒት መዝገብ የሚፈቅደው መጠን ከ10 እስከ 15 ግራም ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው። ያዘዙልዎት በሐን ሥርወ መንግሥት ማብቂያ የነበረው ሐኪም ዣንግ ዦንግጂንግ የተወው የአምስት ዕፅ ድብልቅ ከሆነ፣ በጥንቱ አሠራር ዘሩ ለብቻው ቀድሞ ይቀቀላል፤ ስምንት እጅ የነበረው ውሃ ወደ ስድስት እጅ ሲወርድ የቀሩት አራቱ ይጨመራሉ። ይህ ሁሉ ከከበደዎት ሆስፒታሉ ራሱ ቀቅሎ በከረጢት አሽጎ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ።

ሦስተኛው ነጥብ ደረሰኝ ሲሆን፣ እዚህ ላይ የደረሰብኝን መናገር ግድ ይለኛል። በሰፈሬ አቅራቢያ ካለ አንድ ሱቅ ገዝቼ ወደ ሆስፒታል ስሄድ፣ የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ የእኔንና የእርሷን ዘር በነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አድርጋ ልዩነቱን አሳየችኝ። ወደ ሱቁ ስመለስ ባለቤቱ በደንበኞች ፊት «የውጭ አገር ሰው ስለ እኛ መድኃኒት ምን ያውቃል?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ይፋዊውን ደረሰኝ፣ ፋፒያውን ማለቴ ነው፣ ሊሰጠኝም ፈቃደኛ አልሆነም። እኔ ግን የመርካቶ ነጋዴ ልጅ በመሆኔ ከመክፈሌ በፊት የዘሩን ስም በሦስቱ የቻይና ፊደላት በዊቻት፣ ቻይናውያን መልእክት በሚላላኩበትና በሚከፍሉበት የስልክ መተግበሪያ፣ እንዲጽፍልኝ አድርጌ ነበር፤ ክፍያውም በዚያው በስልኬ ተመዝግቧል። ያንን ይዤ ገበያ ወደሚቆጣጠር የመንግሥት ቢሮ አመራሁ።

በቢሮው ያየሁት ከሱቁ የባሰ ነበር። የምግብ ክፍሉ «ይህ መድኃኒት ነው» ብሎ ወደ መድኃኒት ክፍል ላከኝ፤ የመድኃኒት ክፍሏ ሠራተኛ ደግሞ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «ይህ ምግብ ነው» ብላ መለሰችኝ። ሁለቱም ከፊል እውነት ነበራቸው፤ ምክንያቱም የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው፣ ምግብም መድኃኒትም ሆነው በሚያገለግሉ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ይህ ዘር ተመዝግቧል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየሻይ ቅጠል ሱቁ የሚሸጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ዝርዝሩን በስልኬ ከፍቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥሁና፣ ምግብም ይሁን መድኃኒት፣ ሻጭ ገዢን ካታለለ የሸማቾች ሕግ የዋጋውን ሦስት እጥፍ፣ ይህም ከ500 ዩዋን ካነሰ 500 ዩዋን፣ ካሣ እንደሚያስከፍል በተሰባበረ ቻይንኛዬ ነገርኋት። ከዚያ በኋላ ነው 12315 የሚባለው የሸማቾች አቤቱታ መስመር እንዳለ የተነገረኝ። አንድ ቻይናዊ ጓደኛዬ ደውሎ አስመዘገበልኝ፤ የሳቀብኝ ሰውዬም በትሕትና ደውሎ የከፈልሁትን ከነካሣው መለሰልኝ። አሁን በሰፈሬ ያሉ አበሾች ዕፅ ሲገዙ እኔን ይዘው ይሄዳሉ፤ እኔም ደስ እያለኝ እሄዳለሁ።

ስለዚህ ያዩት ሱቅ ባለቤት ስሙን በጽሑፍ አልሰጥም ካለ ትተውት ይውጡ፤ ከሆስፒታሉ መግዛት ይሻልዎታል። እርስዎም እንደ እኔ ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት የእንቅልፍ ክኒን ይኖርዎታልና፣ ሁለቱም የሚያደነዝዙ በመሆናቸው ሐኪሙ ሳያውቅ አብረው አይውሰዷቸው፤ ክኒኑንም በራስዎ ውሳኔ በድንገት አያቋርጡ። ሐኪሙ በቋንቋ ችግር ሳይጠይቅዎት አልፎ ከሆነ የክኒኑን ማሸጊያ ይዘው ተመልሰው ያሳዩት፤ በላዩ ያለውን የመድኃኒቱን ስም በስልኩ ፈልጎ ያገኘዋል።