መልስ፦ ጀፈርሰን አይደለም የጻፈው

ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና ስታጠና «ሕገ መንግሥቱን የጻፈው ቶማስ ጀፈርሰን ነው አይደል?» ብለህ ለጠየቅከው፦ አይደለም ወንድሜ። ጀፈርሰን የ1776ቱን የነጻነት አዋጅ ነው የጻፈው። በ1787 ፊላዴልፊያ ላይ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ እሱ ፓሪስ አምባሳደር ነበር። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጄምስ ማዲሰንም ሕገ መንግሥቱ ላይ ብዙ ደክሟል፤ የመጨረሻውን ጽሑፍ በብዕሩ ያስተካከለው ግን ገቨርነር ሞሪስ የሚባል፣ ስሙ ብዙም የማይነሳ ሰው ነው። «ገቨርነር» ደግሞ ማዕረግ እንዳይመስልህ፣ የእናቱ የቤተሰብ ስም ነው።

ሞሪስ በ1752 ኒውዮርክ፣ ዛሬ ብሮንክስ በሚባለው አካባቢ ተወለደ። በ1780 የሠረገላ አደጋ ደርሶበት ግራ እግሩ ተቆረጠ፤ ከዚያ በኋላ በእንጨት እግር ነው የኖረው፣ ጨዋታውና ሴት ወዳድነቱ ግን አልቀነሰም ይባላል።

ሕገ መንግሥቱ የሚጀምርባቸው «እኛ ሕዝቡ» የሚሉት ቃላት አሉ አይደል? ረቂቁ መጀመሪያ «እኛ የኒው ሃምፕሸር፣ የማሳቹሴትስ...» እያለ 13ቱንም ግዛቶች ይዘረዝር ነበር። ሞሪስ ዝርዝሩን ሰርዞ «እኛ የዩናይትድ ስቴትስ ሕዝብ» አለው። የትኛው ግዛት እንደሚያጸድቅ ገና ስላልታወቀ ስም መዘርዘሩም አይመችም ነበር። 23 አንቀጾችንም ወደ 7 አጠቃለላቸው፣ ያውም በጥቂት ቀናት!

ሕገ መንግሥቱ በተረቀቀበት ጉባኤ ላይ ባርነትን በግልጽ ካወገዙት አንዱ ነው፤ አልሰሙትም እንጂ። በኋላ ፈረንሳይ አምባሳደር ሆኖ የአብዮቱን ደም መፋሰስ በዓይኑ አየ፣ ሴናተርም ሆነ። የማንሃተንን ቀጥ ያሉ መንገዶች በ1811 ካቀዱት ሦስት ኮሚሽነሮችም አንዱ እሱ ነው። በ1816 አረፈ።

ፈተናው ላይ ግን የነጻነት አዋጁን ማን ጻፈ ካሉህ፣ ያኔ ጀፈርሰን በል።