የአሜሪካ ግዛቶች ድንጋዮች፦ ጠይቁኝ

ላስ ቬጋስ ነው ያለሁት፤ ሥራዬ የከበሩ ድንጋዮችን መቅረጽና መሸጥ ነው። የአሜሪካ ግዛቶች እንደ ባንዲራ ሁሉ ምልክት አድርገው የሚይዙት ድንጋይና ቅሪተ አካል እንዳላቸው ከነገርኳችሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። የቻልኩትን ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ማነው የሚመርጠው? ጂኦሎጂስቶች?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የግዛቱ ምክር ቤት ነው። ብዙ ጊዜ የሚወተውቱት ግን ልጆች ናቸው! ኮሎራዶ በ1982 ስቴጎሳውረስ የተባለውን ዳይኖሰር የያዘችው የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለነዘነዟት ነው። ሳውዝ ካሮላይናም በ2014 ማሞዝን፣ ድሮ የጠፋውን የዝሆን ዘመድ፣ የመረጠችው አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ደብዳቤ ጽፋ ነው። የልጅቷን ምክንያት ስሙልኝ። በ1725 አካባቢ እዚያ ረግረግ ሲቆፍሩ የነበሩ ባሮች ግዙፍ ጥርስ አገኙ። ከአፍሪካ የመጡ ናቸውና የዝሆን መንጋጋ ጥርስ መሆኑን ለዩት። የአውሮፓ ሊቃውንት ስለ ማሞዝ በቅጡ እስኪጽፉ ገና ብዙ አሥርት ዓመታት ይቀሩ ነበር። ይህን ታሪክ ሳወራ አልጠግብም። ሕጉ ግን አንድ ሴናተር የዘፍጥረት ጥቅስ ይግባበት ስላለ ተጓቶ ነው የጸደቀው።

ጥያቄ፦ የካሊፎርኒያው ድንጋይ ካንሰር ያመጣል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ሰርፐንቲን ነው፤ አረንጓዴ፣ ሲዳብሱት ሳሙና የሚመስል። በ1965 ተመረጠ። አንዳንዱ ውስጥ አስቤስቶስ፣ ማለትም ሲተነፍሱት ካንሰር የሚያመጣ ክር መሰል ማዕድን፣ ስላለ በ2010 ይሰረዝ የሚል ረቂቅ ሲቀርብ ጂኦሎጂስቶች ተንጫጩ፤ ረቂቁም ቀረ። ጉዳቱ አቧራው ሲተነፈስ ነው እንጂ ድንጋዩ በተቀመጠበት ማንንም አይነካም።

ጥያቄ፦ አርካንሳስ ሄጄ አልማዝ ለቅሜ መውሰድ እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። አልማዝ የሚቆፈርበት የግዛቱ ፓርክ አለ፤ መግቢያ ከፍለህ ትቆፍራለህ፤ ያገኘኸው ያንተ ነው። በ1924 40.23 ካራት የሚመዝን ወጥቶበታል። አብዛኛው ሰው ግን ጫማው ጭቃ ሆኖ ነው የሚመለሰው።

ጥያቄ፦ የኛ ኔቫዳስ?

መልስ፦ ከሰሜን፣ ከቨርጂን ቫሊ የሚወጣው ጥቁር ኦፓል (ውስጡ ቀለማት የሚጫወቱበት የከበረ ድንጋይ)፤ ከ1987 ጀምሮ። ውብ ነው። ችግሩ፣ ሲደርቅ ብዙው ይሰነጣጠቃል፤ ውሃ ውስጥ የሚያስቀምጡት አሉ። የወሎ ልጅ ስለሆንኩ አዳልቼ ይሆናል፣ ለቀለበት የደላንታው ይሻለኛል።

ጥያቄ፦ የደላንታ ኦፓል ቀለበቴ ሳህን ሳጥብ ቀለሙ ጠፍቶ መስታወት መሰለ። ተሸወድኩ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ቀለሙ ይሸሻል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ጨርቅ ላይ አድርገሽ ጥቂት ቀን ታገሺው። በፀጉር ማድረቂያ ላፍጥነው እንዳትይ፣ ይሰነጠቃል። ውሃው ይወጣል፤ ዘይት ግን ገብቶ ሊቀር ይችላል። ወጥ ስትሠሪ አውልቂው።