አልትራሴንትሪፊዩጅ ከሌለበት ከተማ ወደ ካንሰር ምርምር

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። ሐረር ፋርማሲ ተምረሽ ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት ሆኖሻል። አሁን ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ትሠሪያለሽ። አክስትሽ ለጡት ካንሰር ኬሞ ሲወስዱ እያስታመምሽ ሳለ፣ የካንሰር ሴሎች ስለሚለቋቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ማንበብ ጀመርሽ። አሁን መድኃኒቶች የከረጢቶቹን ልቀት እንዴት እንደሚለውጡት ማጥናት ትፈልጊያለሽ። እናትሽ ግን «ደመወዝ ያለው ሥራ ይዘሽ ምን አስነሳሽ?» ብለውሻል። አንቺም «እዚህ አልትራሴንትሪፊዩጅ እንኳ የለም፤ እንዲሁ ምኞት ሆኖ ይቀር ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። (አልትራሴንትሪፊዩጅ ፈሳሽን እጅግ በፍጥነት እያሽከረከረ እነዚህን ከረጢቶች የሚለይ ማሽን ነው።)

አይቀርም። ግን ማሽኑን ለጊዜው እንተወው። ማሽኑ ያለበት ቦታ ስትደርሺ በጥቂት ሳምንት ትለምጂዋለሽ። ጥያቄውን አጥርቶ መያዝ ነው ጊዜ የሚፈጀው፤ እሱን ደግሞ ከከዚራ ሆነሽ መጀመር ትችያለሽ።

ነገሩን ለማያውቁ ትንሽ ላስረዳ። ሴሎች በሽፋን የተጠቀለሉ ጥቃቅን ከረጢቶችን ወደ ውጭ ይለቃሉ። ኤክሶዞም የሚባሉት ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር ይሆናሉ፤ ሴሉ ውስጥ ተሠርተው ነው የሚወጡት። ማይክሮቬሲክል የሚባሉት ከሴሉ ሽፋን ላይ ተቆርጠው የሚለቀቁ ናቸው፤ እስከ 1000 ናኖሜትር ሊደርሱ ይችላሉ። ሴል ሲሞት የሚበታተነው ቁርጥራጭ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ያልበሰሉ ቀይ የደም ሴሎች የማይፈልጉትን ፕሮቲን በእነዚህ ከረጢቶች እንደሚያስወጡ ታየ። ለብዙ ጊዜም እንደ ቆሻሻ ማስወገጃ ብቻ ተቆጠሩ። ዛሬ ፕሮቲንና አርኤንኤ ይዘው ከሴል ወደ ሴል መልእክት እንደሚያደርሱ እናውቃለን።

መድኃኒቱ እዚህ ላይ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት የጡት ካንሰር ያለባቸውን አይጦች ተመልክቷል። ፓክሊታክሴል ወይም ዶክሶሩቢሲን በሚባሉ የኬሞ መድኃኒቶች የታከሙት ዕጢዎች የለቀቋቸው ከረጢቶች አኔክሲን ኤ6 የሚባል ፕሮቲን በብዛት ይዘው ነበር። ካንሰሩ ሳንባ ላይ እንዲያርፍም መንገድ ያመቻቹ ነበር። በሌላ ጥናት ደግሞ ሲስፕላቲን የሚባለውን የኬሞ መድኃኒት የለመዱ የካንሰር ሴሎች መድኃኒቱን ራሱን በከረጢት አድርገው ሲያስወጡ ታይቷል። በተቃራኒው ጂደብሊው 4869 የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሴራሚድ የሚባለውን የስብ ዓይነት የሚያመርተውን ኤንዛይም ይገታና የኤክሶዞምን ልቀት ይቀንሳል። ለታካሚ የሚሰጥ አይደለም፤ የላብራቶሪ መሣሪያ ነው። እሱም ቢሆን በአንዳንድ ሴሎች ላይ ትንንሾቹን ቀንሶ ትልልቆቹን ይጨምራል።

አክስትሽ ይህን ካነበቡ አንድ ነገር ንገሪልኝ። የአይጡ ጥናት ኬሞ መጥፎ ነው አይልም። ኬሞ ሕይወት ያተርፋል። ተመራማሪዎቹ የሚፈልጉት ሕክምናውን የበለጠ ውጤታማ የሚያደርጉበትን መንገድ ነው። ቀጠሯቸውን አንድም ቀን እንዳያሳልፉ።

አሁን ወደ አንቺ ጥንካሬ ልምጣ። በዚህ ዘርፍ ትልቁ ራስ ምታት ቀላል የሚመስል ነገር ነው። ሴሎች ላይ መድኃኒት ታደርጊያለሽ፣ በማግስቱ ፈሳሹን ትቆጥሪያለሽ፣ ከረጢቱ በዝቷል። ግን በእርግጥ ልቀቱ ጨምሮ ነው? ወይስ ግማሹ ሴል ሞቶ ቁርጥራጩን ነው የቆጠርሽው? ቆጣሪው መሣሪያ በራሱ ይህን ለይቶ አይነግርሽም። እኔም በወጣትነቴ ላብራቶሪ ስሠራ አንድ ውጤት ይዤ በደስታ ወደ አስተማሪዬ ሮጬ ነበር። «ስንቱ ሴል በሕይወት አለ?» አሉኝ። አልቆጠርኩም ነበር። የሁለት ወር ሥራ እንደገና ተጀመረ። ጥያቄያቸው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ሌላም አለ። ሴሎቹን የምታሳድጊበት የጥጃ ሴረም (ከጥጃ ደም የሚለይ ፈሳሽ) የራሱ ከረጢቶች አሉት፤ ቀድመሽ ካላጠራሽው የጥጃውን ትቆጥሪያለሽ። ዶክሶሩቢሲን ደግሞ በራሱ ብርሃን ይሰጣል፤ ከረጢቶቹን በሚያበራ ቀለም ብትከታተዪ ሊያሳስትሽ ይችላል። መጠኑስ? ሳህን ላይ የተጨመረው መድኃኒት በታካሚ ደም ውስጥ ከሚደርሰው መጠን ጋር ይቀራረባል? ይህን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። አንቺ ፋርማሲስት ነሽ፤ ይሄ እኮ የተማርሽው ነው! ባዮሎጂ ብቻ የተማሩ ጓደኞችሽ ሊያልፉት የሚችሉትን አንቺ ታዪዋለሽ።

ስለዚህ በዚህ ወር ይህን አድርጊ። የኤክስትራሴሉላር ቬሲክል (ሴሎች ወደ ውጭ የሚለቋቸው ከረጢቶች) ዓለም አቀፍ ማኅበር ሚሴቭ የሚባል የአሠራር መመሪያ አለው። በ2014፣ በ2018 ከዚያም በ2023 ታድሶ ወጥቷል፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባል። እሱን ቀስ ብለሽ አንብቢ። ቀጥለሽ መድኃኒትና ከረጢትን የሚመለከቱ አሥር ጽሑፎች መርጠሽ ሠንጠረዥ ሥሪ። ምን መድኃኒት፣ ምን ያህል መጠን፣ ለስንት ሰዓት፣ ከረጢቱ በምን ተቆጠረ፣ ስንት ሴል ሞተ። አምስት ዓምድ ብቻ። መድኃኒት ቤቱ ጸጥ ሲል፣ የቀትሩ ሙቀት ሰውን ሁሉ ቤት ሲያስገባ፣ በቀን አንድ ሰዓት ይበቃሻል።

ሥራሽን አትልቀቂ። እናትሽ እውነት አላቸው፤ ደሞዝ ሳይኖር ማመልከቻ መጻፍ ይከብዳል። ሥራውን ግን መለወጥ ትችያለሽ። ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ይሰጣል። ክፍት የፋርማሲ ቦታ መኖሩን ተከታተዪ። የደንገጎን ተራራ ወጥቶ መውረዱ አድካሚ ነው፤ ግን ሐረር ዘመድ ካለሽ ይቀላል። ኬሞ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ መጠን እንዴት እንደሚሰላ፣ ታካሚ ለምን እንደሚያቋርጥ በዓይንሽ ታያለሽ። የናሙና አያያዝም ተማሪ። ደም ከተቀዳ በኋላ ሳይለይ ከቆየ ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ጥቃቅን የደም ሴሎች) የራሳቸውን ከረጢት ይለቁና ውጤቱን ያበላሹታል። እንደ ድሬ በሞቀና መብራት በሚቋረጥበት ከተማ ናሙናን በሰዓቱ ለይቶ በአግባቡ የሚያቀዘቅዝ ሰው ለየትኛውም ምርምር ውድ ነው።

ለማስተርስ «ከረጢት» የሚል ስም ያለው ፕሮግራም አትፈልጊ፤ ጊዜሽን ትጨርሻለሽ። ፋርማኮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ ወይም ሞለኪውላር ባዮሎጂ ይበቃል። የመመረቂያ ሥራሽ ሴል ማሳደግን፣ ፕሮቲን መለካትንና ስታቲስቲክስን ካስተማረሽ ርዕሱ ስለ ወባ ቢሆንም ችግር የለውም። ወደ ውጭ ካሰብሽ የጀርመኑን ዳአድና የአውሮፓ ኅብረቱን ኢራስመስ ሙንዱስ የስኮላርሺፕ ማስታወቂያዎች ተከታተዪ። የኮስት ሼሪንግ ጉዳይሽንም ከአሁኑ ጨርሺ። ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ፍለጋ መሮጥ የጀመሩት በመጨረሻው ሳምንት በመሆኑ ዕድል ያመለጣቸው ልጆች አውቃለሁ፤ በጣም ያሳዝናል።

ለፕሮፌሰር ስትጽፊ «ስኮላርሺፕ እፈልጋለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። እንዲህ በይ፦ «ፋርማሲስት ነኝ። ጽሑፍዎን አንብቤአለሁ። የተጠቀሙት መጠን ከታካሚ ደም መጠን ጋር ሲነጻጸር ከፍ ያለ መሰለኝ። በዝቅተኛ መጠን ሞክረውት ያውቃሉ?» ከዚያ ሠንጠረዥሽን አያይዢ። አሥር ሰው ላይመልስልሽ ይችላል። አንዱ ከመለሰ ግን ስለ ሥራው ነው የሚያወራሽ፤ ያ ደግሞ ጥሩ በር ነው።

ለእናትሽ ሥራ ልትለቂ እንዳልሆነ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ሠንጠረዡ ሲያልቅ ለእኔም ላኪልኝ። አምስተኛው ዓምድ ባዶ የቀረባቸውን ጽሑፎች አብረን እናያቸዋለን፤ የመመረቂያ ጥያቄሽን እዚያ ውስጥ ሳናገኝ አንቀርም።