«ሲ ላይ ምንም የለኝም»

ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ካቆመ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ተመሳሰለ። ገሚሱ ወደ ዊንዶውስ 11 ተገፍቶ ሄዶ አልተመቸውም። ገሚሱ ደግሞ ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶ (ፎርማት አድርጎ) ወደ ደጉ ዘመን መመለስ ይፈልጋል፤ ደጉ ዘመን የሚባለው ዊንዶውስ 7 መሆኑ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬአቸዋለሁ። የራሳችሁ ጠፍቶባችሁ ከሆነ ይቅርታ።

ፎርማት ሲደጋገም ኮምፒውተር ያረጃል ይባላል። እውነት ነው?

የሚያረጀው ባለቤቱ ነው።

አዲስ ላፕቶፕ ገዝቼ በዊንዶውስ 11 ፋንታ ዊንዶውስ 7 ልጭንበት ሞከርሁ። «ቋንቋ ይምረጡ» የሚለው ገጽ ላይ ሲደርስ ኪቦርዱም ማውሱም ደረቀ። ሦስት ማውስ ቀያየርሁ፣ ያው ነው። ተታልዬ ይሆን?

ማንም አላታለለዎትም፤ አራተኛ ማውስም አይግዙ። ዊንዶውስ 7 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የዛሬ ላፕቶፖች የሚጠቀሙበትን አዲስ መሰኪያ (ዩኤስቢ 3) አያውቀውም፤ ስለዚህ ማውሱ ቢሰካም ለእሱ እንዳልተሰካ ነው። ይህን በዘዴ ቢያልፉት እንኳ አዲሱን የዲስክ ዓይነት «አላየሁም» ይልዎታል፤ ያንንም ቢያልፉ ዋይፋዩ አይሠራም። ይህ ሁሉ መከራ ደግሞ ከጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የደኅንነት ጥገና ለተቋረጠበት ሥርዓት ነው። ጉግል ክሮም እንኳ 109ኛው እትሙ ላይ ተሰናብቶታል። ባለበት ይተዉት።

ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 በቅርቡ ያሳደጋችሁ ግን ሌላ በር አላችሁ፤ ባሳደጋችሁ በአሥር ቀን ውስጥ ከሆነ በቅንብሮች ውስጥ «መልሶ ማግኛ» ከሚለው ክፍል ገብታችሁ ፋይል ሳይጠፋ ወደነበራችሁበት መመለስ ትችላላችሁ። ከአሥር ቀን በኋላ በሩ ይዘጋል።

የጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ነኝ። ለዓመታት በአማርኛ የተጻፉ የክስ ማመልከቻዎች አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ስከፍታቸው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ዝባዝንኬ ይሆናሉ። አለቃዬ «ዊንዶውስ 7 ይጫንበት» ብለዋል።

አለቃዎን በአክብሮት ይቃወሙልኝ። ጥፋቱ የዊንዶውስ ሳይሆን የፊደሉ ነው። ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) ከመስፋፋቱ በፊት የነበሩት የግዕዝ መጻፊያዎች «ሀ»ን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደል መደብ ላይ ነበር። ፎንቱ (የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል) ካለ «ሀ» ሆኖ ይታያል፤ ከሌለ ከሥሩ ያለው ላቲን ብቅ ይላል። ስለዚህ ከአሮጌው ኮምፒውተር ፎንቱን ብቻ ቀድተው አዲሱ ላይ ይጫኑት፤ አብዛኛው ማመልከቻ ወደ አማርኛው ይመለሳል። ቀጥሎ ጊዜ ሲያገኙ ወደ ዩኒኮድ ይለውጡት። ሁለት ማመልከቻ ከለወጡ በኋላ ከዋናው ጋር ቃል በቃል ያስተያዩ፤ «ጸ»ና «ፀ» ላይ ለዋጩ እንዳያዛባብዎት።

ዊንዶውስ በመጫን ላይ እያለ መብራት ጠፋ። ባትሪው ደግሞ ድሮ የሞተ ነው። ላፕቶፑ አለቀለት?

አላለቀለትም። መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ይጀምሩ።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ስትጠቀምበት የነበረውን ላፕቶፕ ላከችልኝ። ስከፍተው ሰማያዊ ገጽ መጥቶ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቀኛል። ሰፈር ያለው ቴክኒሺያን «ፎርማት ነው መፍትሔው» አለኝ።

ቴክኒሺያኑ አልተሳሳተም፣ ቸኩሏል እንጂ። ዲስኩ ተመስጥሯል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ በእህትዎ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፤ ደውለው እንድታይልዎት ያድርጉ። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤቷ ከነበረ ቁልፉ ያለው እነሱ ዘንድ ነው፤ እንዲያ ከሆነ በእርግጥ ለመስጠት ተፈቅዶላት እንደሆነም ይጠይቋት። ያለ ቁልፍም አጥፍቶ አዲስ መጫን ይቻላል፤ ውስጡ ያለው ግን እስከ ወዲያኛው ይሄዳል። የእህትዎ ልጆች ፎቶ እዚያ ውስጥ አለመኖሩን ሳያረጋግጡ ምንም ነገር እንዳያጠፉ።

መምህር ነኝ። ላፕቶፔ ስለዘገየብኝ ፎርማት ላስደርገው ጥገና ሱቅ ወሰድሁት። ልጁ «ሲ ላይ የሚፈለግ ነገር አለዎት?» ሲለኝ «ሲ ላይ ምንም የለኝም» አልሁት፤ እውነትም ሲን ከፍቼው አላውቅም። ማታ ቤቴ ስከፍተው ዴስክቶፑ ባዶ ነው። የማስተርስ ጥናቴ አራት ምዕራፍና እናቴ ከመሞቷ በፊት ያነሳኋት ፎቶዎች የሉም። ልጁ «ዲን አልነካሁም» ይላል።

መጀመሪያ የላፕቶፑን ኃይል ያጥፉ። የቀረውን በስልክዎ ያንብቡ።

ሲና ዲ የዲስክ ክፍሎች መጠሪያ ናቸው፤ ዊንዶውስ የሚቀመጠው ሲ ላይ ነው። ዴስክቶፕም ያለው ሲ ውስጥ ነው። የሰነዶችና የፎቶዎች ማስቀመጫውም፣ ከኢንተርኔት የወረደው የሚያርፍበትም እዚያው ነው። ፊት ለፊት የተዘረጋ ጠረጴዛ ይመስላል እንጂ በሲ ጓዳ በእርስዎ ስም የተከፈተ አቃፊ ነው። እርስዎ የመለሱት እውነት ነው፤ ልጁም የሰማውን ነው የሠራው። ጥያቄው ግን የባለሙያ ጥያቄ አልነበረም። ደንበኛ «ሲ»ን እንዲያውቅ አይጠበቅበትም። መባል የነበረበት «ቢጠፋ የሚያስለቅስዎት ምንድን ነው? በጣትዎ ያሳዩኝ» ነበር።

በልጁ ላይ ብዙ ለመጮህ አፍ የለኝም። በኮምፒውተር ጥገና እንጀራዬን ስበላ በነበረ ጊዜ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል ጠይቄ የአንዲት ሙሽራን የሰርግ ፎቶ አጥፍቻለሁ። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቪዲዮውንም?» አለችኝ። ቪዲዮውንም።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። ዲስኩ ተፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደ ሁለተኛ ዲስክ ይሰካ። ቀድሞ የሚታየው ሲ ውስጥ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚባል አቃፊ መኖሩ ነው። ልጁ ሳያጠፋ ከላይ ጭኖበት ከሆነ አሮጌው ዴስክቶፕዎ እንዳለ እዚያ ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ሲቆይ ግን ዊንዶውስ ራሱ ያጠፋዋል። ከሌለና ዲስኩ የሚሽከረከረው የድሮው ዓይነት ከሆነ፣ አዲስ ነገር ያልተጻፈበት ቦታ ላይ የነበረው የመገኘት ዕድል አለው። የማይሽከረከረው አዲሱ ዓይነት (ኤስ ኤስ ዲ) ከሆነ የተሰረዘውን ቶሎ ስለሚያጸዳው ተስፋው ቀጭን ነው። «ፋይል መላሽ» ፕሮግራም አውርደው እዚያው ላፕቶፕ ላይ እንዳይጭኑ፤ የሚጭኑት በእናትዎ ፎቶ ላይ ሊሆን ይችላል። ሌላ ጊዜ «ባለሙያ ያማክሩ» የምለው ለወግ ነው። ይህ ግን የወግ አይደለም፦ የጠፋ መረጃ ማውጣት ሥራው ወደሆነ ሰው ዛሬውኑ ይሂዱ፤ ወዳጠፋው ሱቅ አይመለሱ።

እስከዚያው ኢሜይልዎን ያገላብጡ። ለአማካሪዎ የላኩት ምዕራፍ የለም? ለወንድም ለእህት በቴሌግራም የላኩት የእናትዎ ፎቶ የለም? ቴሌግራም የላኩትን በራሱ ማዕከል ስለሚያስቀምጥ ላፕቶፑ ቢጠፋም እዚያ ይቆያል። የደረሱበትን ይጻፉልኝ።

አባቴ ጡረተኛ ናቸው። አሮጌው ላፕቶፕ ላይ የነበረውን ቼዝ ካልመለስክልኝ ብለው አስቸገሩኝ። ለጨዋታ ሲባል ዊንዶውስ 7 ይጫናል?

አሮጌው ላይ ከሆነ ይጫናል! ያ ቼዝ ከዊንዶውስ ቪስታና ከ7 ጋር የመጣ ነው፤ ከ8 ጀምሮ ቀርቷል። አሮጌው ላፕቶፕ ካለ ኢንተርኔቱን ነቅለው ባለበት ይስጧቸው፤ ባንክም ኢሜይልም አይከፈትበት። ጨዋታው እስከ አሥር ደረጃ አለው። አባትዎ አሥረኛው ላይ አሸንፈው ከሆነ እንዴት እንደሆነ ይጠይቁልኝ፤ እኔ ከስድስት አልፌ አላውቅም።