ለድሮ ኮምፒውተሮች የሲሪያል ፖርት ካርድ መሥራት፦ ጥያቄና መልስ

ለአይቢኤም ፒሲና ለተመሳሳዮቹ፣ ለኮሞዶር 64 እና በዜድ80 ለሚሠሩ ማሽኖች ተጨማሪ የሲሪያል ፖርት ካርዶችን ስሠራ ብዙ ጊዜ ስለቆየሁ፣ በዚህ ሥራ ለገጠማችሁ ችግር የማውቀውን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ቺፖቹን ሶኬታቸው ላይ ሳትሰኩ ባዶውን ካርድ ስሎቱ ውስጥ አስገብታችሁ በየሶኬቱ የሚደርሰውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ለኩ። ሁለተኛ፣ የአርኤስ-232 (የሲሪያል ገመድ የምልክት ደረጃ) መስመር በፕላስም በማይነስም እስከ 15 ቮልት ሊይዝ ስለሚችል ከቲቲኤል (በ5 ቮልት ከሚሠራ ተራ የሎጂክ) ቺፕ ጋር በቀጥታ አታገናኙት። ስትጠይቁ የማሽኑን ዓይነት፣ የዩአርቱን (ባይቶችን ቢት በቢት የሚልከውና የሚቀበለው የካርዱ ዋና ቺፕ) ቁጥርና የለካችሁትን ጻፉ።

ጥያቄ፦ ለኤክስቲ (በ8088 ፕሮሰሰር ለሚሠራ የፒሲ ዓይነት) ማሽን የትኛውን ዩአርት ልጠቀም? 8250 በእጄ አለኝ።

መልስ፦ 8250 የመጀመሪያው ፒሲ በ1981 ሲወጣ በሲሪያል ካርዱ ላይ የነበረው ቺፕ ስለሆነ ይሠራል፤ ሆኖም የሚይዘው አንድ ባይት ብቻ ነው። በ115200 ባውድ (በሰከንድ የሚተላለፉ ቢቶች) አንድ ፊደል ከመነሻና ከማብቂያ ቢቱ ጋር 10 ቢት ስለሆነ በየ87 ማይክሮሰከንዱ ገደማ አዲስ ባይት ይደርሳል፤ በ4.77 ሜጋኸርዝ ለሚሠራ 8088 ይህ 414 ያህል የሰዓት ምት ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ሌላ ኢንተራፕት (ሥራውን አቋርጦ እንዲያስተናግድ የሚጠራው ምልክት) እያስተናገደ ትንሽ ቢዘገይ ባይቱ ይጠፋል። 16550ኤ ግን 16 ባይት የሚይዝ ፊፎ (የደረሱ ባይቶች በተራ የሚጠብቁበት ማቆያ) አለው፤ ፊፎው 8 ባይት ሲደርስ እንዲጠራ ካዘጋጁት ለቀሪዎቹ 8 ባይቶች ወደ 700 ማይክሮሰከንድ የሚጠጋ ፋታ ያገኛሉ። እኔ ፊፎው 14 ባይት ሲደርስ ከሚጠራበት ቅንብር ይልቅ 8ን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ያገለገለ ቺፕ ከገዙ በላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይመኑ፤ ጽሑፉ ተፍቆ እንደገና የታተመ ብዙ ቺፕ ይገጥማል። ፊፎ መቆጣጠሪያው ሬጅስተር (ፕሮግራም ቺፑን የሚያዝበት የውስጥ ቦታ) ላይ 1 ጽፈው የኢንተራፕት መለያውን ሬጅስተር ያንብቡ። ቢት 6 እና ቢት 7 ሁለቱም 1 ከሆኑ ቺፑ 16550ኤ ነው፤ ቢት 7 ብቻ 1 ከሆነ ፊፎው ጉድለት ያለበት የመጀመሪያው 16550 ነው፤ ሁለቱም 0 ከሆኑ ፊፎ የሌለው ቺፕ ነው።

ጥያቄ፦ ለዩአርቱ የሰዓት ምት የሚሰጠውን 1.8432 ሜጋኸርዝ ክሪስታል አጣሁ። 4 ሜጋኸርዝ ብተካ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጥሞና መመለስ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ካርድ ያለ ጥፋቱ የሚጣለው በዚህ ምክንያት ነውና። ዩአርቱ የክሪስታሉን ፍጥነት መጀመሪያ ለ16፣ ቀጥሎ እርስዎ ለሚሰጡት አካፋይ ያካፍላል። 1.8432 ሜጋኸርዝ የተመረጠው ለ16 ሲካፈል በትክክል 115200 ስለሚሰጥ ነው። በ4 ሜጋኸርዝ አካፋዩን 26 ቢያደርጉ 9615 ባውድ ያገኛሉ፤ ከ9600 የሚለየው በ0.16 በመቶ ብቻ ስለሆነ አይጎዳም። በ13 ካካፈሉም 19200 እንዲሁ ይሠራል። 38400 ላይ ግን የሚያስፈልገው አካፋይ 6.5 ገደማ ስለሆነ 6 ቢሰጡ በ8.5 በመቶ ይፈጥናል፣ 7 ቢሰጡ በ7 በመቶ ይዘገያል። ተቀባዩ በእያንዳንዱ መነሻ ቢት ራሱን አስተካክሎ ቢቶቹን መካከላቸው ላይ ስለሚያነብ እስከ ማብቂያው ቢት ድረስ ግማሽ ቢት ከተንሸራተተ ስህተት ያነባል፤ ይህም የሁለቱ ወገን ልዩነት ተደምሮ 5 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። እኔ በአንድ ወገን ከ2 በመቶ በላይ አልፈቅድም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ፕሮግራሞቹ ናቸው። ለፒሲ የተጻፉ የመገናኛ ፕሮግራሞች ክሪስታሉ 1.8432 ነው ብለው ስለሚያስቡ ለ9600 ባውድ አካፋዩን 12 ያደርጉታል፤ በእርስዎ ካርድ ላይ ይህ 20833 ባውድ ይሆናል። 3.6864 ሜጋኸርዝ ኦሲሌተር ካገኙ በአንድ ፍሊፕፍሎፕ ለሁለት ያካፍሉት፤ ትክክለኛውን ፍጥነት ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ ካርዴ አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የማሽኑን ዓይነት፣ የዩአርቱን ቁጥርና የለኩትን ቮልቴጅ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ባይቶችን በፖሊንግ (ፕሮግራሙ ቺፑን ደጋግሞ እየጠየቀ) እልካለሁ፣ እቀበላለሁም፤ ኢንተራፕት ግን ፈጽሞ አይመጣም። 16450፣ አድራሻ 3ኤፍ8፣ አይአርኪው (የኢንተራፕት መስመር) 4። 5 ቮልቱ 4.97 ነው።

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ሲቀርብ መልሱም ይቀልላል። በፒሲ የአሠራር ልማድ የዩአርቱ የኢንተራፕት እግር ወደ ባሱ (ካርዶቹ ሁሉ የሚጋሩት የመስመሮች ስብስብ) የሚሄደው በአንድ ባለ ሦስት ሁኔታ በፈር (ሲዘጋ መስመሩን የሚለቅ አስተላላፊ) በኩል ሲሆን፣ ያንን በፈር የሚከፍተው አውት-2 የተባለው እግር ነው። ፕሮግራምዎ የሞደም መቆጣጠሪያውን ሬጅስተር ቢት 3 ካላበራ በፈሩ ዝግ ሆኖ ይቆያል፤ በኢንተራፕት ማንቂያው ሬጅስተር ላይ የፈለጉትን ቢጽፉ ለውጥ የለውም። ቢቱን አብርተው አውት-2 ወደ ዝቅተኛ መውረዱን ይለኩ፤ እግሩ ተገልባጭ ስለሆነ ቢቱ 1 ሲሆን ቮልቴጁ ይወርዳል። ከወረደና ኢንተራፕቱ አሁንም ካልመጣ ችግሩ በፈሩ ላይ ወይም ብየዳው ላይ ነው። በፈሩን ትቶ እግሩን በቀጥታ ከባሱ ጋር ማገናኘት የሚቀናቸው አሉ፤ አታድርጉት። ያን መስመር ሌላ ካርድ እንዳይጠቀምበት ትዘጋላችሁ።

አንድ አባል፦ ለመስመር ማጉያ (የቺፑን ምልክት ወደ አርኤስ-232 ቮልቴጅ ለሚቀይረው ክፍል) ብዙዎች የሚጠቀሙበት ማክስ232 ለድሮ ማሽን አይመጥንም፤ በዘመኑ ካርዶች ላይ የነበሩት 1488 እና 1489 ናቸው።

ሌላ አባል፦ 1488 ፕላስና ማይነስ 12 ቮልት ይፈልጋል። ማሽኑን በአዲስ አነስተኛ ፓወር ሰፕላይ የሚያንቀሳቅስ ሰው ማይነስ 12ቱን ከየት ያመጣል?

አንድ አባል፦ ፓወር ሰፕላዩን መለወጥ የራሱ ምርጫ ነው። የድሮ ማሽን በድሮ ክፍሎቹ መቆየት አለበት።

መልስ፦ ሁለቱም ይሠራሉ፤ የምርጫው መመዘኛ ስሎቱ ማይነስ 12 ቮልት ይሰጣል ወይስ አይሰጥም የሚለው ነው። ማክስ232 ከ5 ቮልት ብቻ ተነሥቶ የሚያስፈልገውን ቮልቴጅ በራሱ ያመነጫል። ዋናው ጥንቃቄ ካፓሲተሮቹ ላይ ነው፤ ተራው ማክስ232 1 ማይክሮፋራድ ይፈልጋል፣ በስሙ መጨረሻ ኤ ያለበት ግን 0.1 ይበቃዋል። 6ኛው እግር ላይ ሲለኩ ማይነስ 8 ወይም ከዚያ በታች ካላገኙ የካፓሲተሮቹን ዋጋና አቅጣጫ ያረጋግጡ። የታሪክ ታማኝነት ጉዳይ የሚያስጨንቃቸው ያስጨንቃቸው፤ እኔ ወደ ካርዱ እመለሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቦርዱን ለመንደፍ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

መልስ፦ የለመዱት። ከሶፍትዌሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ የጠርዙ ግንኙነት ነው። በአይኤስኤ (የፒሲው የማስፋፊያ ስሎት) ካርድ ላይ ቺፖቹ የሚቀመጡበት ገጽ ኤ ሲሆን፣ የብየዳው ገጽ ቢ ነው፤ ኃይሉ የሚመጣው በቢ በኩል ነው። ቢ3 ላይ 5 ቮልት፣ ቢ7 ላይ ማይነስ 12፣ ቢ9 ላይ ፕላስ 12 አለ። እኔ በመጀመሪያው ካርዴ ሁለቱን ገጾች አቀያይሬ አስቀርጬ ነበር፤ ኤ7 እና ኤ9 የዳታ መስመሮች ስለሆኑ ፕላስና ማይነስ 12 ቮልቱ በቀጥታ በዳታ በፈሩ ላይ አረፈ። ባዶ ካርድ ለኩ የምለው በዚያ ቀን የተነሣ ነው።

ጥያቄ፦ ለኮሞዶር 64 በ6551 (ሌላ ዓይነት የሲሪያል ቺፕ) እየሠራሁ ነው። ከ19200 ባውድ በላይ ይሄዳል?

መልስ፦ ይሄዳል፤ በ1.8432 ፈንታ 3.6864 ሜጋኸርዝ ከሰጡት ሁሉም ፍጥነት በእጥፍ ስለሚያድግ 38400 ያገኛሉ። ዛሬ በአዲስ የሚሸጠውን ደብልዩ65ሲ51ኤን ከገዙ ግን የማስተላለፊያው ዝግጁነት ቢት ሁልጊዜ 1 ሆኖ እንደሚቀር ይወቁ። ያንን ቢት እያነበበ የሚልክ ፕሮግራም የቀደመው ባይት ሳይወጣ በላዩ ላይ ይጽፋል፤ ስለዚህ በባይቶቹ መካከል በሰዓት ቆጥረው መጠበቅ ይኖርብዎታል።

ጥያቄ፦ የዩአርቱን እግሮች ያለ ማክስ232 በቀጥታ ከሌላ ኮምፒውተር ባለ 9 እግር ሶኬት ጋር ባገናኝስ? አጭር ገመድ ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ይህንኑ ነው። የገመዱ ማጠር ቮልቴጁን አይቀንሰውም፤ በተጨማሪም በአርኤስ-232 1 የሚባለው ከማይነስ 3 በታች፣ 0 የሚባለው ከፕላስ 3 በላይ ስለሆነ ቺፑ ባይቃጠል እንኳ ምልክቱ ተገልብጦ ይነበባል። አታገናኙት።

ጥያቄ፦ ባለ 10 እግር ሄደር (በቦርዱ ላይ የሚቆም የእግሮች መሰኪያ) ላይ ጠፍጣፋ ገመድ አድርጌ ባለ 9 እግር ሶኬት ሠራሁ። ሶኬቱ ላይ እግር 2 እና 3ን ሳገናኝ የላክሁት ወደ እኔ አይመለስም።

መልስ፦ የሄደሩ አሰላለፍ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው የሄደሩ እግር 2 ከሶኬቱ እግር 2 ጋር እንዲገናኝ ታስቧል፤ በሌላኛው ከእግር 6 ጋር። ገመዱ በተጨማቂ ማያያዣ የተሠራ ከሆነ የሚስማማው ሁለተኛው ብቻ ነው። በመልቲሜትር እግር በእግር ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ ካርዴ በአብዛኛው ደህና ነው፤ ግን አልፎ አልፎ፣ በተለይ ፍሎፒ ሲያነብ፣ የዩአርቱ ቅንብር ራሱን ይለውጣል። ኤክስቲ፣ 16550ኤ፣ አድራሻ 2ኤፍ8፣ 5 ቮልቱ 5.02።

መልስ፦ አድራሻውን በሚለየው ሎጂክ ውስጥ ኤኢኤን የተባለውን መስመር ያስገቡ መሆንዎን ይመልከቱ። ባሱን ዲኤምኤ (ያለ ፕሮሰሰሩ ዳታ የሚያዛውር ክፍል) ሲይዘው በአድራሻ መስመሮቹ ላይ ያለው የሜሞሪ አድራሻ ሆኖ ሳለ የአይኦ ማንበቢያና መጻፊያ ምልክቶችም ይነሣሉ፤ ካርድዎ ኤኢኤንን ካላየ የሜሞሪውን አድራሻ የራሱ መስሎት ይጽፋል። በኤክስቲ ሜሞሪውን በየ15 ማይክሮሰከንዱ የሚያድሰውም ዲኤምኤ ስለሆነ ፍሎፒውን መተው ፈውስ አይሆንም። ኤኢኤን ዝቅተኛ ሲሆን ብቻ ካርዱ እንዲመረጥ በ74ኤልኤስ688 (አድራሻ አመሳካሪው ቺፕ) ማንቂያ እግር ላይ ያስገቡትና ውጤቱን ይጻፉልኝ፤ ከለውጡ በኋላ ግን ቺፖቹን ከመመለስዎ በፊት ባዶውን ካርድ እንደገና ይለኩ።