ስለ ንፋስና ባዮማስ ኃይል፦ ጥያቄና መልስ ከኢንጂነሩ ጋር

ኢንጂነሩ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዓመታት የሠራሁት ንፋስ ላይ ነው። ባዮማስ የምንለው ደግሞ ከእንጨት፣ ከእበት፣ ከሰብል ተረፈ ምርትና ከመሳሰሉት የሚገኘውን ኃይል ነው። አንድ ነገር ይዛችሁ ጠይቁኝ፦ ስምምነት ተፈረመ ማለት መብራት መጣ ማለት አይደለም።

ከአዲስ አበባ፦ ኢንጂነር፣ ንፋስ ያዋጣል?

ኢንጂነሩ፦ የት ቦታ? ለማን? እሱን ጨምረህ ጠይቀኝ ወንድሜ።

ከሐዋሳ፦ የህዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት ነው። ታዲያ መንግሥት አሁንም የንፋስ ጣቢያ የሚያቅደው ለምንድን ነው?

ኢንጂነሩ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። የእኛ ክረምትና በጋ ለንፋስ ተስማሚ ነው። ክረምት ላይ ግድብ ይሞላል፣ ንፋሱ ይዳከማል። በበጋ ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ ንፋሱ ይበረታል። አዳማ ላይ በጥር የነፈሰውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ማማው ላይ ወጥተህ የብሎን ማጥበቂያ ስትይዝ ከእጅህ ሊነጥቅህ ይታገላል። ያን ጊዜ ተርባይኖቹ ሲሠሩ ግድቡ ውሃውን ይቆጥባል። የተቆጠበው ውሃ ማታ፣ ምጣድ ሁሉ ሲጣድ፣ ይለቀቃል። ውሃው ባትሪያችን ነው ማለት ነው። ግንቦት 2011 ላይ የጊቤ 3 ውሃ ወርዶ መብራት በፈረቃ የሆነበትን ጊዜ አስታውሱ። ዝናብ ሲቀር ሁሉም ግድብ አብሮ ይጎዳል። ህዳሴ ደግሞ ንፋስን አላስፈላጊ አያደርገውም፣ ይረዳዋል። ንፋሱ ድንገት ሲቆም የውሃ ተርባይን ቶሎ ገብቶ ይሸፍናል። ይህን የማይጨምር እቅድ ጎዶሎ ነው፤ ደጋግሜ የምናገረውም ለዚህ ነው።

ከአዳማ፦ ስንት ጣቢያ አለን አሁን?

ኢንጂነሩ፦ አዳማ አንድ 51 ሜጋዋት፣ አዳማ ሁለት 153፣ መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ 120። ከእነሱ በኋላ የመጡት አይሻ ሁለት 120 እና አሰላ 100 ናቸው። ግን ተጠንቀቁ፤ ሜጋዋት አቅም ነው። 153 ሜጋዋት ተብሎ ቀኑን ሙሉ 153 አይመጣም። በዓመት ሲሰላ ጥሩ ጣቢያ ከሙሉ አቅሙ ሲሶ ገደማ ይሰጣል።

ከአዳማ፦ የአዳማ አንድና ሁለት ተርባይን ልዩነት አለው?

ኢንጂነሩ፦ አለው! የአዳማ አንድ ተርባይን ጊርቦክስ (የማርሽ ሳጥን) የለውም፤ ጄነሬተሩ ከክንፉ ጋር በቀጥታ ይዞራል። የአዳማ ሁለት ግን ጊርቦክስ አለው፣ ስለዚህ ዘይቱን መከታተል ግድ ነው። ይሄን ለብቻው እንጫወትበታለን።

ከሲኤምሲ፦ ኮንዶሚኒየም ጣራ ላይ ትንሽ ተርባይን ብተክልስ?

ኢንጂነሩ፦ ተው ልጄ። የንፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ከተማ ውስጥ ሕንጻው ንፋሱን ይሰብረዋል። ሶላር ግዛ።

ከለቡ፦ ረጲ ያለው የቆሻሻ ማመንጫ ባዮማስ ነው ወይስ አይደለም?

ኢንጂነሩ፦ በከፊል። በነሐሴ 2010 የተመረቀ፣ 25 ሜጋዋት ነው። የእኔ ዘርፍ አይደለም።

ከፍንጫ፦ ባጋስስስ (ተጨምቆ የቀረው የአገዳ ገለባ)? የስኳር ፋብሪካዎች እሱን አቃጥለው መብራት ያመነጫሉ።

ኢንጂነሩ፦ ልክ ነው፣ ያመነጫሉ። ዝርዝሩን የስኳር ሰው ይንገራችሁ።

ከጅማ፦ ባዮማስ ስትሉ ትልቁን ረሳችሁት። አብዛኛው ቤት ዛሬም በእንጨትና በኩበት ነው የሚያበስለው። እቅዱ ከምጣድ ካልጀመረ ምኑ እቅድ ነው?

ከደብረ ብርሃን፦ መፍትሔው ኤሌክትሪክ ምጣድ ነው።

ከጅማ፦ ምጣዱ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። የገጠር መስመር አሥር ቤት ባንዴ ሲጥድ ይችላል?

ከደብረ ብርሃን፦ ባዮጋዝስ፣ ከእበት የሚወጣው የማብሰያ ጋዝ፣ ምን ሠራ? በብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራሙ የመጀመሪያ ምዕራፍ 14 ሺህ የቤት ማብላያ ታቅዶ ከ8 ሺህ ትንሽ በላይ ነው የተገነባው።

ከጅማ፦ 8 ሺህ ቤትም ቤት ነው!

ኢንጂነሩ፦ ሁለታችሁም ቀስ በሉ። መብራት ባለበት ምጣድ፣ ከብት ባለበት ባዮጋዝ። አንዱ ሌላውን አይተካም። እናትየዋ ጭስ ውስጥ ተቀምጣ እኛ ስለ ሜጋዋት ብቻ ብናወራ ግን ልክ አይሆንም።

ከአዲስ አበባ፦ አይሻ ስንት ሜጋዋት ነው?

ኢንጂነሩ፦ ከላይ ተጽፏል። እባካችሁ ሳትጠይቁ ወደ ላይ አንብቡ።

ከባሕር ዳር፦ በቅርቡ ብዙ የንፋስ ስምምነት ሰማን፤ መቼ ይደርሳል?

ኢንጂነሩ፦ ፊርማ ጣቢያ አይደለም ብያለሁ። መሠረት ተቆፍሮ፣ ማስተላለፊያ መስመሩ ተዘርግቶ ስታይ ጠይቀኝ።

ከደሴ፦ ኢንጂነር፣ እናቴ ጋ ባዮጋዝ ተሠርቶላት ሁለት ዓመት ሠራ፣ አሁን ቆሟል። የሠሩትም አልተመለሱም።

ኢንጂነሩ፦ እህቴ፣ ይሄ ያሳዝነኛል፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚድን ነው። እበቱ ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ተበጥብጦ በየቀኑ መግባት አለበት። ከብቶቹ ስንት ቀሩ? ከአራት በታች ከሆኑ ጋዙ ላይበቃ ይችላል። ውሃ የሚቀዳው ከምን ያህል ርቀት ነው? ደግሞ የጋዝ ቧንቧው መጋጠሚያ ላይ የሳሙና አረፋ ቀቢና አረፋው የሚነፋ ከሆነ እዪ፤ ከተነፋ ጋዙ የሚያመልጠው በዚያ ነው። በዚያ ቦታ ላይ ክብሪት እንዳይጫር። ያየሽውን ጻፊልኝ፣ እዚሁ እጠብቃለሁ።